ሦስት ቤት፣ ሦስት ጉድጓድ

ጥር 19 ቀን 2017

ይህ ደብተር ለሒሳብ እንቆቅልሽ የተገዛ ነው። የቤት ወሬ እንዳይገባበት ሽፋኑ ውስጥ ራሴ ጽፌያለሁ። ዛሬ ደንቡን ያፈረስኩት ልጄ ቢሊሴ ስላስገደደችኝ ነው።

ልጄ ስድስት ዓመት ከሞላት ጀምሮ እሑድ ከምሳ በኋላ እኔ አንድ ጥያቄ እሰጣታለሁ፣ እሷ አንድ ትሰጠኛለች፤ የተሸነፈ ዕቃ ያጥባል። የመጀመሪያው የጅቡ፣ የፍየሏና የቅጠሉ ነበር። አንድ ሰው ሦስቱን በትንሽ ጀልባ አንድ በአንድ ወንዝ ያሻግራል፤ ሰውየው ዞር ካለ ጅቡ ፍየሏን፣ ፍየሏ ቅጠሉን ትበላለች። ብዙ አሰበችና "አባዬ፣ ሰውየው ግን ጅቡ ምን ያደርግለታል?" አለችኝ። ጥያቄውን መልሺ እንጂ ሰውየውን አትመርምሪው አልኳት። መለሰችው። ዛሬ ራሷ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ናት፣ ልማዱ ግን ተቋርጦ አያውቅም ነበር።

ትናንት የሰጠኋት የፉርጎ ጥያቄ ነው። ሁለት ረጃጅም ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት ተፋጠዋል። ጎን ላይ መጠለያ ሐዲድ አለ፣ ግን አጭር ነው፤ አንዱንም ባቡር ሙሉውን አይችልም። እንዴት ይተላለፋሉ? ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ናዝሬት ጣቢያ ሐዲድ እየቀየርኩ በክንዴ ተማርኩት። እሷ ግን ስልኳን እያየች ፈገግ ስትል ዋለች። ስጠይቃት "ነገ፣ አባዬ" አለችኝ። ነገ የሚባል መልስ የለም።

ዕቃውን እኔ አጠብኩ። ሳልሸነፍ።

ጥር 25

ሽማግሎች መጡ።

ሦስት ናቸው። የሚናገረው ጀቤሳ የሚባል የዓለም ጤና ከተማ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። እርጥብ ሳር ይዘው በር ላይ ቆሙ። ዘርፉ ወንበሮቹን ከጠዋቱ ጠርጋ ደርድራ ነበር። ባለቤቴ ታውቃለች ማለት ነው። በዚህ ቤት የማያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ኦቦ ብዙነህ፣ ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው" አለ ጀቤሳ።

ልጁ ጫምሳ ይባላል። እዚያው ዓለም ጤና ለሽንኩርት አምራቾች የውሃ ፓምፕ ይተክላል፣ ቱቦ ይዘረጋል። ዘሩን አልጠየቅኩም። ሀብቱንም አልጠየቅኩም። እኔ ሰው የምመዝነው በዚያ አይደለም። ወረቀት አምጥቼ ከላይ ሦስት ቤት፣ ከታች ሦስት ጉድጓድ ሣልኩላቸው።

"ሦስቱ ቤቶች ተጣልተዋል" አልኳቸው። "መንገድ ላይ መገናኘት አይፈልጉም። ከእያንዳንዱ ቤት ወደ እያንዳንዱ ጉድጓድ መንገድ ይውጣ። ዘጠኝ መንገድ ይሆናል። አንዱ መንገድ ሌላውን ማቋረጥ የለበትም። ይህን ሠርቶ ይላክልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።"

ከሽማግሎቹ አንዱ ወረቀቱን አዘቅዝቆም አየው። "እንዲህ ከተጣሉ ጉድጓዱን አንድ አንድ ለምን አይካፈሉትም?" አለ። ሁሉም ሰው እንዲህ ይላል።

ጀቤሳ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ስንት ጥሎሽ ስቆጥር ኖሬ ጉድጓድ የሚጠይቅ አማት ዛሬ ገና አየሁ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሲሄዱ ቢሊሴ ከጓዳ ወጣች። "አባዬ፣ ይሄ እኮ መፍትሔ የለውም።"

"አለው። እኔ ሠርቼዋለሁ።"

"የት?"

"ጣቢያው ውስጥ፣ ፉርጎ በር ላይ፣ በጠመኔ። እንደ አሁኑ በጥር ወር ነበር። በማግስቱ ዝናብ አጠበው።"

ዘርፉ ወንበር እየመለሰች ነበር። "የጥር ዝናብ" አለች።

ጥር 27

"አይቻልም" የሰነፍ ቃል ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳልደርስ ትምህርት አቁሜ፣ ስንቱን አይቻልም የተባለ በአንድ ኩራዝና በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ቻልኩት። ዩኒቨርሲቲ ልጆቼን አይቻልም ማለት እያስተማረ ይመልስልኛል።

ልጆቼን አልኩ። ያለችኝ አንድ ናት።

የካቲት 2

ኩባያዬ ጠፋ። ነጩ፣ የብረቱ፣ ከምድር ባቡር ጀምሮ ሻይ የምጠጣበት። ዘርፉን ጠየቅኳት።

"እኔ አልጠጣሁትም" አለችኝ።

እሑድ ነው። ቢሊሴ የፈተና ወረቀት አርማለሁ ብላ ክፍሏን ዘጋች። የፉርጎው ጥያቄ አሁንም አልተመለሰም።

የካቲት 5

መስኮቱ ስር ተቀምጬ ሳለ እናትና ልጅ ጓዳ ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። መስማት ፈልጌ አይደለም፤ መስኮቱ ክፍት ነው።

"ልጁን ሳያየው ለምን ጠላው?" ትላለች ቢሊሴ።

"ማን ጠላው? አባትሽ የፈራው እሑድን ነው።"

እሑድን ምን እፈራዋለሁ። ሴቶች ሲያወሩ የሚሉትን አያውቁም።

የካቲት 9

እንደገና መጡ። ዛሬም ሳሩን እንደያዙ ቆሙ።

"ልጁ መጀመሪያ 'ቱቦ ከሆነማ አንዱን በሌላው ስር እቀብረዋለሁ' ብሎ ነበር" አለ ጀቤሳ።

"ወረቀት ስር የለውም" አልኩ።

"ይህንኑ ይሉሃል ያለችው ሰው ስላለች፣ ይህን ልኳል።" በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ኩባያዬ ነው።

በነጩ ላይ በቀይ ቀለም ሦስት ቤትና ሦስት ጉድጓድ ተሥለውበታል። ስምንቱ መንገድ በኩባያው ሆድ ዙሪያ ይዞራል። ዘጠነኛው እጀታውን እንደ ድልድይ ወጥቶ በላዩ ይሻገራል፣ በእጀታው ስር ደግሞ ሌላው መንገድ ያልፋል። አገላብጬ አየሁት። አንዱም አንዱን አይነካም። ሁሉም ሰው እንደ ሐውልት ቆሞ ይጠብቀኛል። ጓዳው በር ላይ የቢሊሴ ቀሚስ ጫፍ ይታያል።

"በወረቀት ብያለሁ" አልኩ።

"መሬት ወረቀት አይደለችም፣ ኦቦ ብዙነህ" አለ ጀቤሳ ቀስ ብሎ። "ኮረብታ አላት፣ ድልድይ አላት።"

"በወረቀት ብያለሁ።"

ሲወጡ ኩባያውን ይዘው ይሄዱ እንደሆነ ዓይኔን ጣል አደረግኩ። ትተውት ሄዱ። ዘርፉ መደርደሪያው ላይ አወጣችውና "ኩባያውን ተቀብለህ ልጁን መለስከው" አለችኝ።

የካቲት 11

ቀለሙን በፀሐይ አየሁት። የጥፍር ቀለም ነው። አንድ ቱቦ ዘርጊ የጥፍር ቀለም ከየት ያመጣል? የእጅ ጽሕፈቷን ባላውቅ ኖሮ እንኳ መስመሩን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መጠምዘዣ ላይ ታመነታለች፣ ትንሽ ነጥብ ትተዋለች። ዘጠኙም ላይ ነጥቡ አለ።

ለእኔ አንድ የፉርጎ ጥያቄ ለመመለስ ጊዜ አጣች። ለእሱ ኩባያ ሙሉ ሠራች።

የካቲት 23

እሑድ። ጥያቄ ሳንለዋወጥ በላን።

መጋቢት 7

ሦስተኛ ጊዜ መጡ። በአጭሩ እጽፈዋለሁ።

ጀቤሳ ልጁ የላከውን ቃል ተናገረ። "'አባቴ የጠየቁት በወረቀት አይሠራም። ያልሠራሁትን ሠራሁ ብዬ አልዋሻቸውም' ብሏል።"

"እንግዲያው ልጄም አትሰጥም" አልኩ።

ጀቤሳ ጎንበስ ብሎ ሳሩን ባዶው ወንበር ላይ አኖረው። "ናጋት ኦላ፣ ኦቦ ብዙነህ። ሰላም ዋሉ" አለና ወጣ። የሚያስቅ ነገር አልተናገረም።

ማታ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር ያቆምኩት። የቀረው ይኸው።

ከሄዱ በኋላ ቢሊሴ ትሪ፣ ቆርኪና ክር ይዛ መጥታ ፊቴ ተቀመጠች። ልክ እንደ እሑዱ። እኔም ልጄ መጣች ብዬ መነጽሬን አደረግኩ። ስድስት ቆርኪ በክብ ደረደረች፤ ቤት፣ ጉድጓድ፣ ቤት፣ ጉድጓድ እያደረገች። ዙሪያውን በክር አያያዘቻቸው።

"ስድስቱ መንገድ ይኸው፣ አባዬ። ለእያንዳንዱ ቤት የቀረው ፊት ለፊቱ ያለው ጉድጓድ ብቻ ነው። ሦስት መንገድ ቀረን ማለት ነው። አንዱን በክቡ ውስጥ አሳልፈው። ሁለተኛው በውስጥ ካለፈ ያንን ያቋርጠዋል፣ ስለዚህ በውጭ ይዙር። እሺ፣ ሦስተኛውስ?"

ክሩን በእጇ ይዛ ጠበቀችኝ።

"በውስጥ ብታደርገው አንደኛውን ያቋርጣል፣ በውጭ ብታደርገው ሁለተኛውን። ቦታ የለውም፣ አባዬ። ማንም ቢያደርገው ቦታ የለውም። ጫምሳ ስላቃተው አይደለም።"

ጫምሳ ባትል ኖሮ እሰማት ነበር። ትሪውን በእጄ ገፋሁት። ቆርኪዎቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

አላለቀሰችም። ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። ስትነሳ "እሺ፤ እርስዎ እንዳሉ" አለችኝ።

እኔና እሷ እርስዎ ተባብለን አናውቅም። ጎረቤት አባቷን አንተ ትላለች እያለ ሲያማ፣ ሒሳብ ላይ እርስዎ የለም ብዬ ያስለመድኳት እኔ ነኝ።

መጋቢት 10

ሄደች። መልካሳ፣ አጎቷ ሆራ ጋ። የዘርፉ ወንድም ነው። አንድ ሻንጣ። ለሥራ በሚኒባስ ትመላለሳለች አሉ። አንድ ሳምንት ትቆያለች።

መጋቢት 14

እሑድ። ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳይዘጋጅ የሚውል እሑድ ልማድ ያጠፋል። የአሥራ ሰባቱ ግመሎች ነው። አባት ለሦስት ልጆቹ ግማሹን፣ ሲሶውንና ዘጠነኛውን ተናዘዘ፤ ግመል አይቆረጥም። ጎረቤት አንድ ግመል ያበድራቸዋል፣ ይካፈላሉ፣ የተበደሩት ተርፎ ይመለሳል። ለዘርፉ ነገርኳት።

"ጎረቤቱ ጥሩ ሰው ነው" አለች።

"መልሱ እሱ አይደለም።"

"እሱ ባይኖር ግን ይጣሉ ነበር" አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ዕቃው የሁለት ሰው ብቻ ነው። ቶሎ ያልቃል።

መጋቢት 21

ሽማግሎች አልመጡም። ወንበሮቹን ከጠዋቱ አውጥቼ ደርድሬ ነበር።

"ማን ሊመጣ ነው?" አለች ዘርፉ።

"ወንበር ነው። አየር ያግኝ።"

መጋቢት 24

ሁለት ሳምንት ሆናት። ወረቀት ጨረስኩ። ስምንቱ ሁልጊዜ ይገባል፤ ዘጠነኛው ሁልጊዜ በር ላይ ይቀራል።

ዛሬ ከሰዓት እርሳስ ወድቆብኝ ስፈልግ ቁምሳጥኑ ስር አንድ ቆርኪ አገኘሁ። ያኔ ሳታየው ቀርታ ነው። ሌሎቹን ከመሳቢያው አምጥቼ ትሪው ላይ በክብ ደረደርኩ፣ ክርም አገኘሁ። አንዱን በውስጥ አሳለፍኩ። ሁለተኛውን በውጭ አዞርኩ። ሦስተኛውን ክር ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ።

ልክ ናት።

እንዲህ ያለ የጠራ ማስረጃ አይቼ አላውቅም። ውሃ ነው። የእኔ ልጅ ፊቴ ተቀምጣ ይህን አሳየችኝ፣ እኔ የት ሄጄ ነበር?

ያኔ ፉርጎው ላይ የሠራሁት ሌላ ዓይነት ነበር ማለት ነው።

ለሽማግሎቹ የምለውን አስቤያለሁ። "ጥያቄው በኩባያ ቢሠራም ይቆጠራል" እላለሁ። ተሸነፍኩ ማለት አይደለም፤ ደንብ ማሻሻል ነው። አራተኛ ጊዜ ሲመጡ እንዲህ እላቸዋለሁ።

መጋቢት 28

አልመጡም። ፀሐይ ስለነበር ወንበሮቹን ጥላ ውስጥ አድርጌ ነበር።

ዘርፉ ሽንኩርት እየከተፈች "ለመሆኑ የእኔ አባት ምን ጠየቀህ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"አዎ። ምንም።"

"ሒሳብ አያውቅም ነበር" አልኳት።

"ባያውቅ አይደል ያገኘኸኝ።"

ሚያዝያ 3

ሆራ ከመልካሳ መጣ። አልቀመጥም አለ።

"ሠርጉ ዳግም ትንሣኤ ነው። ከእኔ ቤት ትወጣለች። እንድታውቀው ነው።"

"ሽማግሎቹ አልተመለሱም እኮ" አልኩት። "ነገሩ መቼ አለቀ? እየጠበቅኳቸው ነው።"

ሆራ ጥላው ውስጥ የተደረደሩትን ወንበሮች አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቱ ትንሽ ላላ።

"ብዙነህ፣ ጀቤሳ በአንድ በር ከሦስት ጊዜ በላይ ለምኖ አያውቅም። አገር ያውቀዋል። አንተ አታውቅም?"

አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ሽማግሌ እስኪሰጠው ይመላለሳል።

"ስልኩ ይኸው፣ ልደውልልህ" አለ። "አንድ ቃል በላት። 'እሺ' ብቻ።"

"የሴት አባት ደጅ አይጠናም። ይምጡና እነግራቸዋለሁ።"

"እነሱ አይመጡም አልኩህ እኮ።"

"እንግዲያው እሷ ትምጣ።"

ሆራ ስልኩን ኪሱ ከተተው። ዘርፉ በር ድረስ ሸኘችው፤ በኦሮምኛ ሲነጋገሩ ቆዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ዝቅ ባያደርጉም አልሰማም ነበር።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ዘርፉ ዶሮውን ሠራች። ሦስት ሳህን አውጥታ አንዱን መለሰችው።

ሚያዝያ 18

ዘርፉ ወደ መልካሳ ሄደች። አዲሱን ነጠላዋን ለበሰች።

"ትመጣለህ?"

"ቤቱን ማን ይጠብቃል?"

"ቤቱ ከእንግዲህ ምን ይወሰድበታል?" አለች።

ኮቴን ግን ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቅላልኝ ሄዳለች።

ሚያዝያ 19

በማለዳ ቢሊሴ መጣች። ሆራ መኪና ውስጥ ጠበቃት። የሚዜ ጋጋታ የለም፣ ጥሩምባ የለም።

ተኝቼ ነበር።

በሩ ሲከፈት አልሰማሁም። ፀጉሯ ተሠርቷል፤ የቅባቱ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አልጋው ጎን ተንበርክካ በብርድ ልብሱ ላይ መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቴን ሳመች፣ ቀጥሎ ግራውን። ሙሽራ እንዲህ ታደርጋለች፤ አባት እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ይመርቃል። ቃሉን በልቤ አውቀዋለሁ። ለዚህ ቀን ብዬ ከብዙ ዓመት ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ራሷን ከጉልበቴ ሳታነሳ ጠበቀች።

"አባዬ" አለች። "የፉርጎው መልስ። አንዱ ባቡር ፉርጎዎቹን ፈትቶ ካልለቀቀ ሁለቱም አያልፉም። ዘገየሁብህ።"

ከዚያ ተነሳች። በሩን ድምፅ እንዳያሰማ ይዛ ዘጋችው። እጀታውን ወደ ላይ ካላነሱት እንደሚጮህ ታውቃለች።

መልሱ ትክክል ነው። ልክ ነሽ አላልኳትም፤ ተኝቼ ነበር።

ሚያዝያ 21

ዘርፉ ተመለሰች። ስለ ሠርጉ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። የመጣችበትን ጫማ አውልቃ እግሯን እያሻሸች፣

"ነቅተህ እንደነበር ታውቃለች" አለችኝ።

"ማን ነቃ?"

"'ቀኙን ስስመው ግራውን አስጠጋልኝ' አለችኝ። መኪና ውስጥ ስታለቅስ ነው የደረሰችው። ሜካፑን እንደገና ሠሩላት።"

ሰው በእንቅልፉ ይገላበጣል።

ሚያዝያ 26

እሑድ። ወንበሮቹን አላወጣሁም።

ዘርፉ ደውላላት ስታወራ "አባትሽ ደህና ነው፣ ሻይ እየጠጣ ነው" ስትል ሰማሁ። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችልኝ። እጄ ላይ ኩባያ ስለነበረ አልተቀበልኩም። እስካስቀምጠው ድረስ ብትጠብቀኝ ምን ነበር። ዘጋችው።

ግንቦት 3

በደብተሩ አንድ ገጽ ላይ ለቢሊሴ ጥያቄ ጻፍኩ። ጥያቄው እንዲህ ነው፤ አንድ ሰው ጅብ፣ ፍየልና ቅጠል ሊያሻግር ወንዝ ዳር ቆሟል፤ እሱ ሲከራከር ፍየሏ ራሷ ዋኝታ ተሻገረች። ሰውየው አሁን ከጅቡ ጋር ወዲህ ማዶ ምን ያደርጋል?

ቀደድኩት። ሒሳብ የለውም።

ግንቦት 10

ሻይ የምጠጣው በዚያው ኩባያ ነው። ሌላ ኩባያ አልለመድኩም። በሳሙና እንዳታጥበው ለዘርፉ ነግሬያታለሁ፤ እኔ ራሴ በውሃ ብቻ አለቀልቀዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት መነጽሬን አድርጌ አየሁት። በሆዱ ላይ ያሉት ስምንቱ መስመሮች እንደነበሩ ናቸው። በእጀታው ላይ የሚሻገረው ዘጠነኛው፣ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ተፋፍቋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ይቆረጣል፣ ያኔ ያ ቤት ከጉድጓዱ ይለያል።

ከእንግዲህ እጀታውን አልነካም። ሆዱን በሁለት እጄ እይዛለሁ።

ብረት ስለሆነ ያቃጥላል። ዘርፉ አየችኝ። የእጅ መጥረጊያ አምጥታ አጠገቤ አኖረችልኝ።